የሚያብረቀርቀው ወይስ የተቧጨረው? ያገለገለ የጠላቂ ሰዓት ምርጫ፣ የአንድ ግዢ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

ገዢው በሳምንት ሁለት ቀን ይዋኛል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ የአየር ጋን ተሸክሞ ይጠልቃል። ስም ያለው፣ ያገለገለ የጠላቂ ሰዓት ገዝቶ በየቀኑ ሊያደርገው፣ ውሃም ሊያስገባው ፈልጓል። ለጌጥ ብቻ የሚገዛ ሰው የውሃ መከላከያውን ችላ ብሎ መልኩን ብቻ ሊያይ ይችላል። ይህ ገዢ ግን ያን ማድረግ አይችልም።

የነበረውን ገንዘብ እዚህ 100 ብለነዋል፤ ሌሎቹ ዋጋዎች ሁሉ ከዚያ 100 ላይ የተሰሉ ድርሻዎች ናቸው። ገበያው በየቦታውና በየወሩ ስለሚለዋወጥ ከቁጥሩ ይልቅ ድርሻው ይጠቅማል። ገንዘቡ ለሰዓቱ ብቻ አልነበረም። ማጓጓዣው፣ ሰርቪሱ፣ የውሃ ፍተሻውና የሚቀየሩ ክፍሎች ሁሉ ከዚያው ከ100 ውስጥ ይወጣሉ።

## ችግሩ

የመጀመሪያ ምኞቱ ሮሌክስ ሰብማሪነር 14060ኤም ነበር፤ ቀን የማያሳየው፣ 40 ሚሊ ሜትር። ጤነኛው ከበጀቱ ከእጥፍ በላይ ነው። በበጀቱ ልክ የቀረበ አንድ ተገኝቶ ሻጩ የዕለቱ ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ሰዓቱን ፎቶ እንዲያነሳ ተጠየቀ። መልስ አልመጣም፤ ማስታወቂያውም በማግስቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ሰብማሪነር ከዝርዝሩ ወጣ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ስውር ነው። ገዢው ሰዓቶችን የሚያወዳድረው በተጻፈባቸው ዋጋ እና በንጽህናቸው ነበር። ያገለገለ የጠላቂ ሰዓት ላይ እነዚህ ሁለቱ የሚያሳስቱ መለኪያዎች ናቸው። የተጻፈው ዋጋ ከሂሳቡ ግማሹን ብቻ ይናገራል፤ ንጽህና ደግሞ ብዙ ጊዜ የመወልወያ ማሽን ውጤት ነው።

## አራቱ እጩዎች

ሳይመረጡ የቀሩትን ትተን እስከ መጨረሻው የደረሱት አራት ነበሩ።

ሰዓት ሀ፦ ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300ኤም፣ የሞዴል ቁጥሩ 2531.80። ገጹ ሰማያዊ የማዕበል ቅርጽ ያለበት፣ 41 ሚሊ ሜትር። ሳጥኑና ወረቀቱ አለ፤ «አሁን ሰርቪስ የተደረገ» ተብሏል፤ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ዋጋው 84።

ሰዓት ለ፦ ያው 2531.80፣ ሳጥን የለውም፤ የዋስትና ካርዱ ብቻ አለ። ቀፎውና ማሰሪያው በጭረት ተሸፍኗል። ሰርቪስ መደረጉን የሚያሳይ ምንም የለም። ሻጩ «ማታ ሳወልቀው ጠዋት ቆሞ አገኘዋለሁ» ብሎ በግልጽ ጽፏል። ዋጋው 61።

ሰዓት ሐ፦ የዚያው ቤተሰብ ተከታይ 2220.80፣ ኮ-አክሲያል የተባለ የተለየ የፍጥነት መቆጣጠሪያ የያዘው የኦሜጋ 2500 ማሽን ያለው። ዋጋው 78።

ሰዓት መ፦ ቱዶር ብላክ ቤይ ፊፍቲ-ኤይት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል፣ 39 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 200 ሜትር። ከዋስትናው 14 ወር ቀርቶታል። ዋጋው 97።

ዳይቨር 300ኤም የተጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። በሀ እና በለ ውስጥ ያለው 1120 የተባለው ማሽን መሠረቱ የስዊሱ ማሽን አምራች የኢቲኤ 2892-ኤ2 ነው። ለገዢ ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ይህ ነው፦ ይህን ማሽን አሳምሮ የሚያውቀው ሰዓት ሠሪ ብዙ ነው። ኮ-አክሲያሉን በትክክል ዘይት የሚቀባ ሰው ግን ያነሰ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

## ከዋጋ በፊት የተደረገ ልኬት

የእጁ ዙሪያ 17.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ዙሪያው ብቻውን አይበቃም፤ ሰዓቱ የሚያርፍበት የእጅ ጀርባ ጠፍጣፋ ክፍል ስፋት መለካት አለበት። 53 ሚሊ ሜትር ሆነ። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ጆሮዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ያላቸው ርዝመት ከዚህ ካለፈ ሰዓቱ በእጁ ዳር ላይ ተንጠልጥሎ ይንቀሳቀሳል፤ የመጥለቂያ ልብስ ላይም ይያዛል። አራቱም 50 ሚሊ ሜትር ስለማይደርሱ በዚህ የወደቀ አልነበረም።

## ዘጠኙ ፎቶዎች

ለአራቱም ሻጮች አንድ ዓይነት ጥያቄ ተላከ። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፦ ገጹ ከቅርብ፤ አራቱ ጆሮዎች ከላይ፤ ግራና ቀኝ ጎኑ፤ የጀርባ ክዳኑ፤ የመለያ ቁጥሩ፤ በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞረው ክፈፍ (ቤዝል) በ60ው ምልክት ላይ፤ ገጹ በጨለማ፤ ማሰሪያው ወደ ጎን ተዘርግቶ ተይዞ። ፍላሽ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍላሽ የዶለዶመን ጠርዝ ስለታም ያስመስለዋል።

ሰዓት ሀ እዚህ ላይ ተጋለጠ። የዚህ ሞዴል ጆሮዎች ጠመዝማዛ ናቸው። ደብዛዛው ገጽታ ከሚያብረቀርቀው ጋር የሚገናኝበት መስመር ካለ ስለታም መሆን አለበት። በሀ ላይ መስመሩ ጠፍቷል፤ ጆሮዎቹ በአፍ የተመጠጠ ከረሜላ መስለዋል። በጆሮው ጀርባ የተቀረጸው መለያ ቁጥር በአጉሊ መነጽር እንኳ በጭንቅ ነበር የሚነበበው። ይህ ማለት ሰዓቱ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ተወልውሏል። በጨለማ ሲታይ ደግሞ የቤዝሉ ነጥብ ከገጹ ምልክቶች ይልቅ አጥብቆ ያበራል። ቤዝሉ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ ነውር አይደለም፤ ግን «ሁሉም የራሱ ነው» የሚለውን ዋጋ አይሸከምም።

ሰዓት ለ በተቃራኒው አስቀያሚ ፎቶ ነበረው፤ ጭረቱ ሁሉ ይታያል። ጠርዞቹ ግን ሳይነኩ አሉ፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ከካርዱም ጋር ይገጥማል። በጠቋሚዎቹ ላይና በቀኑ መስኮት ዙሪያ የዝገት ነጠብጣብ የለም። ውሃ የገባው ሰዓት ምልክቱን ቀድሞ የሚያሳየው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ማሰሪያውን ወደ ጎን ዘርግቶ መያዝ ቀላል ፍተሻ ነው። አዲስ ማሰሪያ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ያረጀው ወደ ታች እንደ ቀስት ይጎብጣል። ምክንያቱ አሸዋና ጨው በአንጓዎቹ መካከል ገብተው ፒኖቹንና ቀዳዳዎቹን መሞረዳቸው ነው። የሰዓት ለ ማሰሪያ መጠነኛ ጉብጠት አሳይቷል፤ አንድ አንጓም ጎድሎታል።

## የማሽኑ ንባብ፣ እና በሐ ላይ የተገኘው ስህተት

ሻጮቹ ሰዓቱን 40 ዙር ሞልተው በታይምግራፈር ላይ አስቀምጠው ቪዲዮ እንዲልኩ ተጠየቁ። ታይምግራፈር የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ሦስት ነገር ይናገራል፦ በቀን ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጥን ወይም እንደሚዘገይ፣ የሚወዛወዘው ጎማ ምን ያህል ዲግሪ እንደሚዞር (ስፋቱ)፣ የ«ቲክ» እና የ«ታክ» ልዩነት ስንት ሚሊ ሴኮንድ እንደሆነ።

ሀ፦ +5 ሴኮንድ፣ 301 ዲግሪ። ጥሩ ንባብ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ሳይታጠብ ዘይት ጠብ የተደረገበት ማሽንም ለጥቂት ወራት እንዲህ ያነባል። የሰርቪሱ ደረሰኝ ሲጠየቅ የተላከው ማህተም ያለበት፣ የተቀየረ ክፍልም ሆነ የግፊት ንባብ ያልተጻፈበት ወረቀት ነበር። ዝርዝር የሌለው ሰርቪስ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፤ በሂሳቡ ላይ እንደሌለ ተቆጠረ።

ለ፦ +14 ሴኮንድ፤ ገጹ ወደ ላይ ሲሆን 228 ዲግሪ፣ ሰዓቱ በጎኑ ሲቆም 196፤ ልዩነቱ 0.6 ሚሊ ሴኮንድ። የደረቀ ማሽን ንባብ ነው፤ የተሰበረ ነገር ግን አያሳይም።

ሐ፦ +2 ሴኮንድ፣ 290 ዲግሪ። ሻጩ በኩራት ነበር የላከው። የስክሪኑ ጥግ ሲታይ ግን ሊፍት አንግል የሚባለው ቅንብር 52 ላይ ነበር፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሲከፈቱ የሚቆሙበት ቁጥር። የኮ-አክሲያል ማሽን 38 ነው የሚፈልገው። መሣሪያው ስፋቱን የሚያሰላው ከዚህ ቁጥር ጋር በቀጥታ አባዝቶ ስለሆነ እርማቱ ቀላል ነው፦ 290 በ38 ተባዝቶ ለ52 ሲካፈል 212 ይሆናል። ሙሉ በሙሉ በተሞላ ሰዓት ላይ 212 ሰርቪስ የሚጠይቅ ማሽን ነው። ሻጩ ሆን ብሎ አላታለለም፤ እሱም አላወቀም። በሴኮንድ ላይ ያለው ንባብ በዚህ ስህተት አይነካም፤ ለዚህ ነው +2 ብቻውን የሚያዘናጋው።

የሰዓት ለ «ጠዋት ቆሞ አገኘዋለሁ» የሚለው ቅሬታ ለብቻው ተፈተሸ። ሻጩ በእጁ 40 ዙር ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጠው ተጠየቀ፤ 41 ሰዓት ሄደ። ዋናው ስፕሪንግ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ችግሩ ሰዓቱ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን በሚሞላበት ክፍል ነው፤ አቅጣጫ የሚቀይሩት ትናንሽ ጎማዎች ሲደርቁ ሮተሩ (በእጅ እንቅስቃሴ የሚዞረው ክብደት) እየዞረም አይሞላም። በ2892 ቤተሰብ ይህ የተለመደ ነው፤ በሰርቪስ ይፈታል። ይህ አንድ ፍተሻ ምንም ወጪ አላስከተለም፤ ሌሎቹን ገዢዎች ያሸሸውን ቅሬታ ወደ ተራ የሰርቪስ ጉዳይ ለወጠው።

## ውሳኔው

ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ለሁሉም 3፤ ሰርቪስ ለሀ እና ለለ 15፤ ለኮ-አክሲያሉ 22።

ሀ 102 ይመጣል፤ ሐ 103። ሁለቱም ከበጀት አለፉ። መ ልክ 100 ነው፤ አንድ ሳንቲም ሳይተርፍ። ለ 79 ነው።

ለ የተመረጠው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ማሽን ይታጠባል፣ ውሃ የሚከላከለው ጎሚኒ ይቀየራል፣ የማሰሪያ ፒን ይገዛል። ከቀፎው ላይ የተወለወለ ብረት ግን አይመለስም። በሌዘር ብረት ጨምሮ ጆሮን መልሶ የሚቀርጽ ባለሙያ አለ፤ ክፍያው ግን ከሙሉ ሰርቪስ ይበልጣል፣ የሚችለውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ያልተነካ ቀፎና የደረቀ ማሽን፣ ከተነካ ቀፎና ጥሩ ማሽን ይሻላል።

መ ግን በደካማነት አልወደቀም። ሰዓት ሠሪ ፍለጋ መሄድ ለማይፈልግ፣ ዋስትና ይዞ መተኛት ለሚፈልግ ሰው መ ትክክለኛው ምርጫ ነበር። እዚህ የወደቀው መጠባበቂያ ስላላስቀረ ነው።

ድርድሩ አጭር ነበር። የደረቀው ንባብ፣ የጎደለው አንጓና የማሰሪያው ጉብጠት በቁጥር ተዘርዝሮ ተላከ፤ ሻጩ ከ61 ወደ 58 ወረደ። ክፍያው ገንዘቡን በአደራ በሚይዝ ሦስተኛ ወገን በኩል ሆነ፤ ሰዓቱ ደርሶ 7 ቀን እስኪመረመር ገንዘቡ አልተለቀቀም። መለያ ቁጥሩም ከመከፈሉ በፊት በተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ ታየ።

## ሰርቪሱና የውሃ ፍተሻው

ሰዓት ሠሪው ሁለት ነገር በጽሑፍ ታዘዘ። አንደኛ፣ ቀፎው አይወልወል። ይህ ካልተጻፈ ብዙ ቦታ ውልወላ የሰርቪሱ አካል ተደርጎ ይሠራል፤ ገዢው የከፈለበት ነገር በግማሽ ሰዓት ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የተቀየረ ክፍል ሁሉ በከረጢት ይመለስ።

የጀርባ ክዳኑ ጎሚኒ ጠፍጥፎ ደርቋል። የክራውኑ (ሰዓቱን ለመሙላት የሚዞረው የጎን ቁልፍ) ቱቦ ጥርስ ተበልቷል፤ ክራውንና ቱቦ አብረው ተቀየሩ። አዲስ ክራውን በተበላ ቱቦ ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱንም ይበላዋል። ማሽኑ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተቀባ። አዲሱ ንባብ +3 ሴኮንድ፣ 289 ዲግሪ፣ በጎኑ ሲቆም 262፣ ልዩነቱ 0.1 ሚሊ ሴኮንድ ሆነ። ክሮኖሜትር ለሚባል፣ ትክክለኛነቱ ለተመሰከረለት ሰዓት የሚፈቀደው በቀን ከ−4 እስከ +6 ሴኮንድ ነው።

ከዚያ የውሃ ፍተሻ። በደረቅ መሣሪያ 10 ባር (የግፊት መለኪያ) ላይ አለፈ። ሰዓት ሠሪው ሊያስረክብ ሲል ገዢው በተቃራኒው፣ አየር በመምጠጥ፣ በ−0.7 ባር እንዲታይ ጠየቀ። ወደቀ።

ይህ የሚገርመው ብዙ ሰው ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ከፍተኛ ግፊት የደከመን ጎሚኒ ወደ መቀመጫው ይጫነዋል፣ ስለዚህ ይዘጋል። በዝቅተኛ ግፊት የሚጫነው ስለሌለ ያፈስሳል። ዋናተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ደግሞ ላይ ላዩን፣ በዝቅተኛ ግፊት ነው። በ10 ባር ያለፈ ሰዓት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ውሃ ሊገባው ይችላል።

ፍሳሹ የት እንደሆነ ደረቁ መሣሪያ አይናገርም። ሰዓቱ በእርጥቡ መሣሪያ ከውሃው በላይ ተሰቅሎ አየር ተጫነበት፣ ወደ ውሃው ወረደ፣ ግፊቱ ቀስ ብሎ ተለቀቀ። አረፋው ከ10 ሰዓት አቅጣጫ፣ ከሂሊየም ቫልቩ ወጣ። አረፋ እንደታየ ሰዓቱ ከውሃው መነሳት አለበት፤ ግፊቱ እስኪያልቅ ከጠበቁ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል።

የሂሊየም ቫልቭ የሚያገለግለው ለቀናት በግፊት ክፍል ውስጥ ሂሊየም እየተነፈሱ ለሚኖሩ ጠላቂዎች ነው፤ ወደ ሰዓቱ የገባው ጋዝ ሲወጡ መስታወቱን እንዳያስፈነጥረው ያስተነፍሳል። ለሌላው ሰው አንድ ተጨማሪ ቀዳዳና አንድ ተጨማሪ ጎሚኒ ነው። ሰርቪሱ ላይ የተረሳውም እሱ ነበር። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ፤ −0.7 እና 10 ባር ሁለቱንም አለፈ። 10 ባር 300 ሜትርን አያረጋግጥም፤ የጠላቂ ሰዓት መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 6425 ከተጻፈው ጥልቀት 25 በመቶ የበለጠ ግፊት ይጠይቃል፤ ለ300 ሜትር ያ 37.5 ባር ነው። ለዚህ ገዢ አጠቃቀም 10 ባር ይበቃል ተብሎ በዚያ ቆመ።

## ያልሠራው

የቤዝሉ ቀለበት ፈዝዞ ስለነበር ገዢው ሰው ሳያማክር «ኦሪጅናል» የተባለ ገዛ። ቁጥሮቹ ከነባሩ ወፈር ይላሉ፤ ሰማያዊውም ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ተመለሰ፤ የመላኪያው 1 ቀረበት። የፈዘዘው የራሱ ቀለበት እዚያው ቆየ፤ ትክክለኛ ውሳኔም ነው።

የጎደለው አንጓ የተገመተው 2 ነበር። ስድስት ሳምንት ፈጅቶ ከፒኖቹ ጋር 5 ወሰደ። ያገለገለ የብረት ማሰሪያ ሲገዛ አንጓዎቹን ቆጥሮ ለራስ እጅ መብቃቱን ማረጋገጥ ከዋጋ ድርድር በፊት የሚሠራ ነገር ነው።

## የመጨረሻ ሂሳብ

ሰዓቱ 58፣ ማጓጓዣ 3፣ ሰርቪስ 15፣ ክራውንና ቱቦ 3፣ ቫልቭ 2፣ አንጓና ፒን 5፣ የከሸፈው ቀለበት 1። ድምር 87። 13 ለሚቀጥለው ሰርቪስ ተቀመጠ።

## ለሌላ ግዢ የሚያገለግል

ከተጻፈው ዋጋ ላይ ሙሉ ሰርቪስ ደምሮ ማወዳደር። ዝርዝር ደረሰኝ ላለው ብቻ ነው የሚቀነሰው።

ቀፎን አስቀድሞ፣ ማሽንን ኋላ ማየት። የጆሮ ጠርዝና የመለያ ቁጥር ጥራት ከሳጥንና ከወረቀት በላይ ይናገራሉ።

የታይምግራፈር ቪዲዮ ሲመጣ ሊፍት አንግሉ ካልታየ ስፋቱን አለማመን። ለኢቲኤ 2892-ኤ2 ቤተሰብ 51፣ ለኮ-አክሲያል 38።

የውሃ ፍተሻ ሲታዘዝ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ንባቡ በወረቀት። ጎሚኒ ያለበት ቀዳዳ ሁሉ በስም ይጠቀስ፦ ክራውን፣ ክዳን፣ መስታወት፣ ቫልቭ።

መሣሪያ በሌለበት ቤት የሚሠራ አንድ ፍተሻ አለ። ሰዓቱን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ለ20 ደቂቃ ያህል አሙቆ፣ መስታወቱ ላይ የክፍል ሙቀት ያለው የውሃ ጠብታ አስቀምጦ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ከመስታወቱ ውስጥ ጉም ከታየ እርጥበት ገብቷል፤ ሰዓቱ በዚያው ቀን መከፈት አለበት። ይህ ፍተሻ የገባን እርጥበት ያሳያል እንጂ ወደፊት እንደማይገባ አያረጋግጥም። ገዢው አሁን በየወሩ ይሠራዋል፤ የግፊት ፍተሻውን ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ከመጥለቂያው ወቅት በፊት። ከጨው ውሃ ሲወጣ ክራውኑ እንደተቆለፈ በንጹህ ውሃ ያጥበዋል፤ ሙቅ ሻወር ግን አያስገባውም፤ ሙቀትና ሳሙና ጎሚኒን ቶሎ ያደርቃሉ።